ከቆስጣው ጥግ የሚወጡት

በ2017 ዓ.ም. ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት እንደገባ ነው። ሐይቅ ከተማ ዝናቡ አቁሞ ነፋሱ ከውሃው በኩል መምጣት ጀምሮ ነበር። ጓሮዬ እንደዚያ ዓመት አምሮ አያውቅም። ቆስጣው ሰፍቷል፤ ጎመኑ በተቆረጠ ቁጥር ያቆጠቁጣል፤ ዘይቱኑ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። ጠዋት ጠዋት አልሐምዱሊላህ እያልኩ ነበር የምገባበት።

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ትንሿ ልጄ ስትጮኽ ሰማሁ። ሰባት ዓመቷ ነው። ሮጬ ስደርስ የቆስጣው መደብ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንገቷን ይዛለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ነደፈኝ።»

«ምኑ? የት?»

ጣቷን ወደ መሬት ቀሰረች።

ዝቅ ብዬ አየሁ። ከመደቡ ጥግ፣ ምንም ያልበቀለበት ደረቅ ቦታ ላይ፣ መሬቱ ተበሳስቷል። በጃንጥላ ጫፍ የተወጋ ይመስላል። በየቀዳዳው አፍ የደቀቀ አፈር ተከምሯል። ትንንሽ ባለ ክንፎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ከዚያ በላይ ለማየት ጊዜ አላገኘሁም። የልጄ ከንፈር እያበጠ ነበር።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ዓይኗ ተከድኗል፤ ትንፋሿ ያፏጫል። ባጃጁ ውስጥ ምን ዱዓ እንዳደረግኩ አላስታውስም። ሐኪሙ መርፌ ወጋት። ጥቂት ቆይቶ ትንፋሿ ተመለሰ። አላህ ይስጠው፤ እጁን ልስመው ምንም አልቀረኝም ነበር። እሱ ግን ቀና ብሎ ጠየቀኝ።

«ምንድን ነው የነደፋት?»

«ንብ መሰለኝ።»

«መሰለኝ አይሆንም፣ እናት። ንብ ሌላ፣ ተርብ ሌላ። የአንዱ መርዝ የጎዳት ልጅ የሌላው ላይጎዳት ይችላል። ደሴ ሆስፒታል ብትላክም መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ይህንኑ ነው። ሁለተኛ ከተነደፈች ደግሞ ከዛሬው ሊብስ ስለሚችል አጣሪና ንገሪኝ።»

ካርዷ ላይ ንብ፣ ተርብ ብሎ ጻፈና አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረገ።

ባለቤቴ ከሐይቅ ደሴ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ይሠራል። ማታ ገብቶ የልጁን ፊት ሲያይ ቁጭ አላለም፤ ባትሪ ይዞ ጓሮ ገባ። ተመልሶ የተናገረው አንድ ቃል ነው።

«ውሃ አፍይ።»

«ንብ ከሆኑስ?» አልኩት።

ባትሪውን አጠፋ። በዲናችን ንብ መግደል የተከለከለ መሆኑን እሱም ያውቃል፤ ከእኔ እኩል ነው የተማረው።

«ንብ ቤቷ ቀፎ ነው» አለኝ። «ከመሬት የሚወጣ ንብ የት አይተሻል?»

«እኔ ምኑንም አላየሁ። ላጣራ።»

«እስከ መቼ?»

«ሁለት ጁምዓ ስጠኝ።»

«ሁለት ጁምዓ! ልጅቷ እስከዚያ ምን ልትሆን ነው?»

«ከዓይኔ አትጠፋም።»

«እሺ። በሁለተኛው ጁምዓ ከሶላት ስመለስ ውሃ አፍልቼ ቀዳዳው ላይ አፈሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ንብም ትሁን ነብር አልጠይቅሽም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄ እስረኛ ሆነች። መጸዳጃ ቤታችን ከጓሮው ማዶ ነው። በሄደች ቁጥር ጋቢ አከናንቤ አዝያት እሄዳለሁ። «እማ፣ ታፈንኩ» ትለኛለች። ደጅ ሌሎች ልጆች ሲጫወቱ በመስኮት ታያለች። ቆስጣው ሳይቆረጥ ይሻክራል። እኔ ደግሞ መልስ ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ሰፈራችን መስጊድ ቁርኣን የሚያስቀሩት ሼኽ ዘንድ ነው። ሽማግሌ ናቸው። ከዙሁር ሶላት በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና ነገሩን አስረዳሁ።

«አባባ፣ ልግደል ወይስ ልተው?»

«ንብ ናት?»

«እሱን አላውቅም።»

«ካላወቅሽ ምን ልበልሽ፣ ልጄ? ንብ ብትሆን አትነኪያትም። ጉዳት ካደረሰች ደግሞ ጉዳትን መከላከል ይፈቀዳል። ግን ማን እንደጎዳሽ ሳታውቂ መንደር አይቃጠልም። አጣሪና ነይ።»

ሐኪሙም አጣሪ፣ ሼኹም አጣሪ። ሁለቱም የጠየቁኝ ያንኑ ጥያቄ ነው፤ መልሱን የሚነግረኝ ግን አልተገኘም። መንገድ ላይ ለራሴ ተበሳጨሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ከዚህ አፈር ስበላ፣ እግሬ ሥር የሚኖረውን አላውቅም።

በማግስቱ ከአጥር ማዶ ያሉት ጎረቤቴ መጡ። ክርስቲያን ናቸው፤ እናቴ ይሆናሉ በዕድሜ። ሳል ይዟቸው ክረምቱን በሙሉ ሲያሠቃያቸው ከርሟል። ልጄን ሊጠይቁ ገብተው ጉዳዩን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ።

«ከመሬት ነው የሚወጡት ያልሽኝ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ትንንሽ ናቸው?»

«ትንንሽ ናቸው።»

«ጣዝማ ነው! እመብርሃን ሰማችኝ። የጣዝማ ማር እኮ ነው የሳሌ መድኃኒት! ዶማ ስጪኝ።»

«እትዬ፣ ጣዝማ አይናደፍም ይባላል። ልጄ እኮ ተነድፋለች።»

«ማን ነው አይናደፍም ያለሽ? ቤቱን የነኩበት ሁሉ ይናደፋል። እኔም ቤቴ ቢገቡብኝ እናደፋለሁ።»

ዶማውን ከለከልኳቸው። «ሳይታወቅ አይቆፈርም» አልኩ። «ለአንድ ማንኪያ ማር!» ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከአጥሩ በላይ ብቅ እያሉ «አወቅሽ?» ይሉኛል። «አላወቅኩም» እላለሁ። «ማሩ ሊደርቅ ነው» ይሉኛል።

ባለቤቴም በበኩሉ ሊረዳኝ ፈለገ፤ አላህ ይስጠው። አንድ ቀን ለምሳ ሲገባ ባለ ክንፎቹን በስልኩ ፎቶ አነሳቸው። በማግስቱ ቀን ሙሉ ሚኒባሱ ላይ ከሐይቅ እስከ ደሴ ላሉት ተሳፋሪዎች ሲያሳይ ዋለ። ማታ መልሱን ይዞልኝ ገባ።

«አንዱ ሽማግሌ ንብ ናት አሉ። አጠገባቸው የነበረው ተርብ ናት አለ። ተጣሉ። ከኋላ አንዲት ሴት የፈረስ ዝንብ ናት አለች። ረዳቱ ደግሞ...»

«ረዳቱስ?»

«የቡና ፍሬ ናት አለ።»

ፎቶውን አየሁት። እውነቱን ነው፤ የቡና ፍሬ ይመስላል። ክንፍ የሚባል ነገር አይታይም። ባለቤቴ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። የመጀመሪያው ጁምዓ አልፎ ነበር።

ሰኞ ዕለት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ቤታችን ድረስ ለምኜ አመጣሁት። ወጣት ነው፣ ትሑት። ተንበርክኮ ቀዳዳዎቹን ብዙ ጊዜ አየ። ሰማዩ ደመና ስለነበር አንዲትም አልወጣች። እንደዚህ ናቸው፤ ሰው ሲመጣ አይገኙም።

«እኔ የማውቀው የቀፎ ንብ ነው» አለኝ በመጨረሻ። «እነዚህን ስማቸውን አላውቀውም፣ እናቴ። መሬት ውስጥ ለየብቻቸው የሚኖሩ ንቦች እንዳሉ ተምሬአለሁ። ማር የላቸውም። መሬት ውስጥ የሚኖር ተርብም አለ።»

«ታዲያ በምን ልለይ?»

«ይዘው የሚገቡትን እዪ። ንብ ለልጆቿ የአበባ ዱቄት ነው የምታመጣው። ኋላ እግሯ ላይ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ተርብ ግን ሥጋ ነው የሚያመጣው፤ ትል፣ ሸረሪት።»

ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። የሚታይ ምልክት ነው። ስም ባላውቅም ዓይን አለኝ።

ቁጭ ብዬ ማየት ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። ጠዋት ቀዝቃዛ ስለሆነ አይወጡም። ፀሐይ ጠንከር ስትል፣ ወጥ የሚጣድበት ሰዓት ይሆናል። ተቀምጬ ዓይኔን አንዲት ቀዳዳ ላይ ስተክል ልጄ ከቤት ትጣራለች። ደርሼ ስመለስ የጠበቅኳት ባለ ክንፍ ገብታ አልቃለች። ነፋስ ከሐይቁ ሲነሳ ይጠፋሉ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ይጠፋሉ። ሽንኩርት በሰሃን ይዤ እዚያው እየከተፍኩ ለማየት ሞከርኩ፤ ዓይኔ በእንባ ተሞላ፤ ከእንባው ጋር የሚበርረው ሁሉ ቢጫ መሰለኝ።

ረቡዕ ዕለት አየኋት። ከጎመኑ አበባ በኩል መጣች። ከቀፎ ንብ ታንሳለች፤ ሆዷ ላይ ነጣ ያለ ቀለበት አለባት። ቀዳዳው አፍ ላይ አርፋ ትንሽ ዘገየች። ሁለቱ የኋላ እግሮቿ ዱቄት የነካው ሰው እጅ ይመስላሉ፤ ቢጫ ናቸው። ገባች። ተከትላት ሌላ መጣች፤ እሷም እንደዚያው። እዚያው አፈር ላይ ሱጁድ ወረድኩ።

ባለቤቴ ለምሳ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ጎትቼ ወሰድኩት።

«ንብ ናት! በዓይኔ አየሁ፤ ዱቄት ይዛ ገባች።»

«የታለች?»

«ጠብቅ፣ አሁን ትመጣለች።»

ጎን ለጎን ቁጭ አልን። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ቀጠን ያለች፣ ወገቧ እንደ ክር የቀጠነ፣ እየተንገዳገደች መጣች። ከሥሯ አንድ ነገር ታቅፋለች። አረንጓዴ ትል ነው። ትሉን እየጎተተች፣ የእኔዋ ንብ ከገባችበት ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ያለ ቀዳዳ ውስጥ ገባች።

ባለቤቴ ዞር ብሎ አየኝ።

«ይቺም ንብ ናት?»

ወደ ቀዳዳው ተጎነበስኩ።

«ሥጋ የምትበላ ንብ! ሐራም ሐላሉን ጠይቀሻታል?»

«እሷ ሌላ ናት። ሁለት ዓይነት ናቸው።»

«እንግዲያው ግማሹ ንብ፣ ግማሹ ተርብ ነው። ሐኪሙን ምን ልትዪው ነው? ግማሽ ግማሽ ነደፏት?»

ተነስቶ ሄደ። እኔ እዚያው ቀረሁ። ያን ያህል ደክሜ ያገኘሁት መልስ ጥያቄውን ሁለት አደረገው። ሁለቱ በአንድ ሰፈር፣ አጥር ሳይለያቸው ይኖራሉ፤ ልክ እንደ እኛና እንደ ጎረቤቶቻችን። የፈላ ውሃ ደግሞ አይመርጥም። ይህንን ለማን አቤት ይባላል?

ሐሙስን ሙሉ የነደፈችው የትኛዋ እንደሆነች የሚያስታውቅ ምልክት ፈለግኩ። አንዷም አልነደፈችኝም። ቀዳዳቸው ላይ እጄን ሳስቀምጥ እንኳ ዞረውኝ ነው የሚገቡት። ይህ ራሱ አናደደኝ። እኔን የማትነድፍ፣ ልጄን ለምን?

ሁለተኛው ጁምዓ ደረሰ። ባለቤቴ ከሶላት ሲመለስ ቃሉን አልበላም። ትልቁን ድስት ጓሮ ውስጥ ሦስት ድንጋይ ላይ ጣደው። ማገዶውን ራሱ ፈለጠ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ልጄ ከኋላዬ ቀሚሴን ይዛለች። የምናገረውን ሁሉ ተናግሬ ጨርሻለሁ።

ውሃው መንተክተክ ሲጀምር ጎረቤቴ የአጥሩን በር በርግደው ገቡ። ዶማ ይዘዋል፤ በሌላው እጃቸው ማሰሮ።

«ማሬን ሳላወጣ ጠብታ ውሃ አታፈስም!»

«እማማ፣ ማር የለውም። ባለሙያው ነግሮናል።»

«ባለሙያው ያሳደገው ጣዝማ ነው? ዞር በል!»

«ይቃጠሉብኛል፣ እማማ። ውሃው ፈልቷል።»

«አቃጥለኝ! ከሳሉ ትገላግለኛለህ!»

ዶማቸውን አንስተው መደቡ ላይ ቆሙ። እሱ ድስቱን በጨርቅ ይዞ ቆመ። እኔ መሐላቸው ገባሁ። ሦስታችንም ባንድ ላይ እንጮኻለን። ስለ ማር፣ ስለ ሐራም፣ ስለ ልጅ፤ ማንም ማንንም አይሰማም።

«እነሱ አይደሉም!»

ልጄ ናት። ከቤት ወጥታ፣ ያለ ጋቢ፣ ያለ ምንም፣ በባዶ እግሯ መሐል ጓሮ ቆማለች።

«ግቢ! ማን ውጪ አለሽ?»

«እነሱ አይደሉም እማ፣ ወላሂ እነሱ አይደሉም።» ታለቅሳለች። «አታቃጥሏቸው።»

አባቷ ድስቱን መሬት አስቀመጠ። «ታዲያ ማነው?»

ጣቷን አነሳች። በዚህ ጊዜ ወደ ላይ ነው። ዘይቱኑ ላይ።

ዘይቱኑ ላይ እንዳትወጣ ከልክያት ነበር። ባለፈው ዓመት ወድቃ ክንዷ ወልቆ ነበርና፣ ሁለተኛ ብትወጪ በአርጩሜ ነው ብዬ ምያለሁ። ያን ቀን ፍሬው አጓጉቷት ወጥታለች። ስትነደፍ ዘልላ የቆስጣው ጥግ ላይ ወረደች። እኔ ደርሼ የት ነው ስላት መሬቱን አሳየችኝ።

«ዘይቱኑን ባሳይሽ ትመቺኝ ነበር» አለችኝ።

ባለቤቴ ቅርንጫፉን በቀስታ በእንጨት ገለጥ አደረገው። ከቅጠሉ ሥር አንድ ግራጫ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ከወረቀት የተሠራ የሚመስል፣ እንደ ተገለበጠ ጃንጥላ ያለ። ላዩ ላይ ረጃጅም እግር ያላቸው ቡናማ ባለ ክንፎች ተሰልፈዋል።

«ተርብ!» አልን ሦስታችንም ባንድ ቃል።

ለዚህ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገም። ሐይቅ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ጁምዓ ሙሉ መሬት መሬት ስናይ ከራሳችን በላይ ነበር።

ልጄን አልመታኋትም። ልመታትም አልቻልኩ፣ ልስማትም አልቻልኩ። አንስቼ ቤት አስገባኋትና በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ። ንዴት ነው፣ ደስታ ነው፣ አላውቅም። ትንፋሿን የመለሰ ጌታ ምላሷንም መለሰልን። ምስጋናዬ ለእሱ ነው። ንዴቴ ግን ወዲያው አልወጣልኝም።

ውሃው ሲቀዘቅዝ ልብስ አጠብኩበት። ጎረቤቴ ዶማቸውን ተደግፈው «ታዲያ ጣዝማዬስ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ማር የላቸውም። ወላሂ ዱቄት ብቻ ነው የሚያስገቡት።»

«ዱቄቱንስ ምን ያደርጉታል?»

«ለልጆቻቸው ነው።»

ይህን ሲሰሙ ማሰሯቸውን አንስተው እየሳሉ ወጡ። ማታ የሎሚና የዝንጅብል ሻይ ሠርቼ ላክሁላቸው። ጣዝማ አይደለም፤ ግን ትኩስ ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ወደ መግሪብ ገደማ፣ ተርቦቹ ቤታቸው ሲሰበሰቡ፣ ባለቤቴ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ አስሮ አቃጠላቸው። ደስ ብሎኝ አላየሁም። ግን ዓይኔን አልጨፈንኩም። አንዷ ሳትቃጠል ወደቀች። በእንጨት አንስቼ በባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ ከተትኳት።

መሬት ውስጥ የሚኖሩትን ስማቸውን እስካሁን አላውቅም። ባለሙያው መጽሐፍ አይቶ እንደሚነግረኝ ቃል ገብቶ ነበር። ሳገኘው «አልረሳሁም» ይለኛል። ልጄ «ዱቄቴዎች» ብላቸዋለች፤ ትሏን የምትጎትተውን «ሥጋ ሻጭ»። እኔ በዚህ ስም አልተስማማሁም። የያዙት የራሳቸው ስም አለ፤ ፈጣሪ ያውቀዋል፤ እኔ ነኝ ያላወቅሁት። ይህ ነገር ዛሬም ይከነክነኛል።

ተርቦቹ በተቃጠሉ ማግስት ጠዋት፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ልጄን በራሷ እግር አስኬጄ፣ ጋቢ ሳላከናንባት፣ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የመጀመሪያው ሐኪም ለሥልጠና ሄዷል ተባልን። በቦታው ሌላ ተቀምጧል፤ ልጅ እግር ነው። ካርዱን ገልጦ የጥያቄ ምልክቱን አየ።

«ታወቀ?» አለኝ።

«ታውቋል። ተርብ ነው።»

እስክሪብቶውን አነሳና ቀና አለ።

«ምን ዓይነት ተርብ?»

ቦርሳዬን ከፍቼ ጠርሙሱን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።